ከከተማ ከተማ ቤት ያቆሙ እናት

ስለ ነገሌ ቦረና ሲወራ ቀድሞ የሚነሳው ጦር ነው። በጥር 1928 ዓ.ም. የጣሊያኑ ጄኔራል የግራዚያኒ ጦር ከተማዋን መያዙ ይነገራል፤ ቀጥሎ የ1966ቱ የወታደሮች አድማ ይተረካል። አያቴ የወታደር ሚስት ነበሩና፣ እኔ ያን ታሪክ የማስበው በእሳቸው በኩል ነው።

የዝውውር ደብዳቤ የሚደርሰው ለባል ነው፤ ጓዙን መርጦ የመጫን ጣጣ ግን የሚስት ነው። አያቴ ከደጋ ወርደው በሻሸመኔ በኩል ክብረ መንግሥት፣ ዋደራ፣ ነገሌ፤ ኋላም ያቤሎ፣ ሜጋና ሞያሌ ኖረዋል። የክብረ መንግሥት ደን አልቆ የሊበን ሜዳ ሲመጣ አፈሩ ይቀላል፣ ግራርና የምስጥ ኩይሳ ይበዛል። እዚያ እንደ ደጋው አይታረስም፤ ሀብት ከብትና ግመል ነው። አያቴም በየደረሱበት ጎረቤት ለመዱ፣ ዕድር ገቡ፣ ወተት የሚገዙበትን ኦሮምኛ ተማሩ። በጮጮ የመጣውን፣ በእንጨት ጢስ የታጠነ ወተት መጀመሪያ ጠረኑን ፈርተው፣ ውለው አድረው ከእሱ ሌላ ወተት አልጥም አላቸው። ቡና ከነገለባው በቅቤ ሲጠበስም ከቦረና ሴቶች ጋር ተቀምጠው ጠጡ።

በቆላ ግን የሁሉ ነገር ራስ ውኃ ነው። ኤላ በሚባሉት የቦረና ጥልቅ የውኃ ጉድጓዶች ውስጥ ጎልማሶች ተደርድረው፣ እየዘፈኑ ከእጅ ወደ እጅ ያወጡታል። ጥር 4 ቀን 1966 ዓ.ም. የ4ኛ ብርጌድ ወታደሮች በነገሌ ያመፁትም በውኃና በምግብ ነበር። የወታደሩ የውኃ ፓምፕ ተበላሽቶ፣ ከመኮንኖቹ ጉድጓድ እንዳይቀዱ ተከለከሉ። መኮንኖቻቸውን አሰሩ፤ ንጉሡ የላኳቸውን የምድር ጦር አዛዥ ሌተና ጄኔራል ድረሴ ዱባለንም ከራሳቸው ምግብ እንዲቀምሱ አስገደዱ። መጻሕፍት አብዮቱን ሲተርኩ ከዚህ ይነሳሉ። አያቴ ያን ጊዜ ሲያነሱ ግን የሚያወሩት ስለ ልጆች ጥም፣ ስለ ሊጥ፣ በአንድ ባልዲ ስንት ነገር እንደሚታጠብ ነበር። የረሃቡንና የጥሙን ልክ ከሁሉ በፊት የሚያውቀው ጓዳ ነው።

የእናቶች የሕይወት ታሪክ በቀብር ላይ ሲነበብ፣ ይህ ሁሉ ዘመን «ከባለቤታቸው ጋር በልዩ ልዩ ቦታዎች ኖረዋል» ተብሎ ይታለፋል። ያ መስመር ያንገበግበኛል። ባል በትእዛዝ ሄደ፤ አያቴ ግን ማንም ያላዘዛቸውን ሠሩ። የማያውቋትን ጎረቤት አበልጅ አደረጉ፣ የጉጂውን፣ የቦረናውንና የሶማሌውን ልጅ ከልጃቸው ጋር አበሉ፣ የጦር ሰፈርን ሰፈር አደረጉ። የልጅ ልጆቻቸው ዛሬ ከነገሌ እስከ ሞያሌ የሚጠይቁት ዘመድ ያላቸው በእሳቸው ነው።

አያት በሕይወት ያለችው ሰው ዛሬውኑ ቁጭ ብሎ ይጠይቃት፦ የት የት ኖርሽ? በየቦታው ማን ነበር ጎረቤትሽ? የምትነግረው የአገር ታሪክ ነው።