ሣጥኔና እንጀራዬ

ሰው የሚያከማቸው እንደየዝንባሌው ነው። አንዱ ገንዘብ፥ አንዱ ወዳጅ፥ አንዱም ቂም ያከማቻል። እኔ የማከማቸው ሌላው ሰው አይቶ የሚጥለውን ነው። ከአልጋዬ ሥር አንድ የካርቶን ሣጥን አለ፤ በውስጡም የክብሪት ቀፎ፥ ቴምብር፥ የሻይ ቅጠል መጠቅለያ፥ ዓመቱ ያለፈበት ቀን መቁጠሪያ፥ ከመርካቶ የተገዛ የቅዱሳን ሥዕል ተደራርቦ ይገኛል። የመኝታ ክፍል ጓደኞቼ «የአይጥ ርስት» ብለው ሰይመውታል። ስሙን ተቀብያለሁ፤ አይጥም የምትሰበስበው ለክፉ ቀን ነውና።

ነገሩ ጨዋታ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ቴምብርን በአጉሊ መነጽር እያየ በሰፊ ወረቀት ላይ የገለበጠ ሰው፥ የሰው ፊት በስንት መስመር እንደሚቆም ይማራል። የክብሪት ቀፎ ደግሞ በሁለት ቀለም ብቻ ምን ያህል መናገር እንደሚቻል አሳይቶኛል። ቀለም መግዣ ለሚያጥረው ተማሪ ይህ ቀላል ትምህርት አይደለም።

ሠዓሊ ልሁን ባልሁ ጊዜ አባቴ፥ «ልጄ፥ ሥዕል መልካም ነው፤ ሲርብህ ግን አትበላውም» አሉኝ። እኔም የሒሳብ አያያዝ ትምህርት ገባሁ። ለአባቴ ቃል የሚሆን መልስ ያገኘሁት ግን ከክፍል ሳይሆን ከሣጥኔ ነው። በውስጡ ካለው ሁሉ ሰው ሳይሥለው የተገኘ አንዳች የለም፤ የሣለውም ሰው ዋጋውን ተቀብሎ እንጀራ በልቶበታል። እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1894 ከወጡት የመጀመሪያዎቹ የኢትዮጵያ ቴምብሮች ከፊሎቹ የዳግማዊ ምኒልክን መልክ የያዙት ሙሾን የተባለ ፈረንሳዊ ቀራጭ ስለ ሠራቸው ነው። በአፍሪካ አዳራሽ 150 ሜትር ካሬ ያህል የሚሆነውን የመስተዋት ሥዕል የሠሩት አፈወርቅ ተክሌም ቴምብርና የመጫወቻ ካርታ ሥለዋል። የንግሥተ ሳባን ታሪክ በ44 ክፍል እየሣሉ የሚሸጡ ባህላዊ ሠዓሊዎችም ከገበያ ኖረዋል። እንግዲህ ጥያቄው ሥዕል ያበላል ወይስ አያበላም አይደለም፤ ከፋዩ ማን ነው የሚለው ነው።

በጥንቱ ዘመን ከፋዩ ይታወቅ ነበር። ሥዕሉን ያሠራው መኰንን ወይም ወይዘሮ በቅዱሱ እግር ሥር ተደፍቶ ይሣላል። ከዚያ ወዲህ ግን ነገሩ ተለወጠ። ገብረ ክርስቶስ ደስታና እስክንድር ቦጎሲያን እንኳ፥ ያን ያህል ዝና ሳላቸው፥ በማስተማር ሥራም ይኖሩ ነበር፤ ሁለቱም በአዲስ አበባው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አስተምረዋል፤ እስክንድር ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት በዋሽንግተን ሀዋርድ ዩኒቨርሲቲ ማስተማሩ ይታወቃል። ከእነርሱ የተሻለ ዕድል ይገጥመኛል ብዬ አልመካም።

ስለዚህ አሳቤ ይህ ነው። ቀን የሱቅ ታፔላ፥ የመጽሐፍ ሽፋን፥ የሙሽሮች ምስል እሠራለሁ፤ ማታ የራሴን ሥዕል እሥላለሁ። የምፈራው ረኀብን አይደለም። የምፈራው ቀኑ ማታውን እንዳይበላብኝ ነው፤ ታፔላ የለመደ እጅ ከታፔላ በቀር ሌላ አልሥልም እንዳይል ነው። ይህን ፍርሀት የሚያቀልልኝ ራሴን የሚገዛኝ ሰው ሳይሆን ሥዕሌን የሚገዛኝ ሰው ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ነገሩ ወደ እናንተ ይመጣል፥ ወንድሞቼና እኅቶቼ። ነገ ተመርቃችሁ ደመወዝ ስትቆጥሩ ቤት ትይዛላችሁ፤ ቤቱም ግድግዳ ይኖረዋል። በዚያ ግድግዳ ላይ ስሙን የማታውቁትን የባዕድ አገር ፏፏቴ፥ በማሽን የታተመውን፥ ከመስቀላችሁ በፊት አንድ ጊዜ አስቡ። የጀማሪ ሠዓሊ ሥራ ዋጋ ከአንድ ጥሩ ጫማ አይበልጥም፤ ጫማው ያልቃል፥ ሥዕሉ ግን ለልጅ ይተርፋል። ስለ ሥነ ጥበብ በየስብሰባው ከምናጨበጭበው ይልቅ አንዲት ሥዕል የገዛ ሰው የበለጠ ሠርቷል።

ከገዛችሁኝ እንደ ጥንቱ በሥዕሉ ግርጌ ተደፍታችሁ አልሥላችሁም። የሒሳብ አያያዝ ተማሪ ነኝና ደረሰኝ እቈርጥላችኋለሁ።