ከካዛንቺስ እስከ በቅሎ ቤት፣ ተጎትቶ ለሚሄድ መኪና

ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው ከጣሊያን ነው። በወረራው ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ የሚሠራው «ኢንቺስ» የተባለው የጣሊያን ተቋም እዚህ ቤቶች ገንብቶ ነበር። «ካዛ ኢንቺስ»፣ የኢንቺስ ቤት እንደማለት ነው፤ የአዲስ አበባ ሰው ሁለቱን ቃላት አጋጠማቸውና ካዛንቺስ ሆነ። ይህን ያነሳሁት ለታሪክ ብቻ ብዬ አይደለም። መኪናዎ እዚሁ ሰፈር ቀጥ ብሎ ቢቆምብዎ ከብበዎት ምክር የሚለግሱት ሰዎች የሚናገሩት ቋንቋ ግማሹ ከዚያው አገር የመጣ ነው፤ ፍሬን፣ ማርሽ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ፍሬቻ፣ ካቻቢቴ፣ ክሪክ። ትንሽ ቆይቶ አንዱ «ካቦ አለዎት?» ይላል። ይህ ጽሑፍ ስለዚያ ጥያቄ ነው።

በ2017 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማት የድሮውን ካዛንቺስ ከሥሩ ቀይሮታል። ሰፊ የእግረኛ መንገድ፣ የብስክሌት መስመርና መብራት መጥቷል፤ ጥጋጥጉን ይዘው ይሠሩ የነበሩ ብዙ ሰዎች ግን ከነመፍቻቸው ሌላ ሰፈር ገብተዋል። ልጆች ይዞ በእግር ለመንሸራሸር ደስ ይላል። ሞተሩ አልነሳ ላለው ሰው ግን ኮፈን ከፍቶ መንገድ ዳር ማሠራት አይታሰብም። ስለዚህ የአጎት ልጅ ወይም የመሥሪያ ቤት ባልደረባ ደብል ጋቢና ሃይሉክስ ይጠራል፤ ካልሆነም ያገኙት አይሱዙ ይለመናል፤ ጉዞውም ወደ ሪቼ ወይም ወደ በቅሎ ቤት ጋራዦች ይሆናል። ከ5 ኪሎ ሜትር አይበልጥም።

አጭር ቢሆንም መንገዱ ቀላል አይደለም። ከካዛንቺስ ተነስተው፣ በግንቦት 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተበትን የአፍሪካ አዳራሽ አልፈው፣ በእስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን በኩል ወደ መስቀል አደባባይ ሲወርዱ ከከተማችን ውብ ቁልቁለቶች በአንዱ ላይ ነዎት። ከኋላ የሚጎተተውን መኪና መሪ የያዘው ሰው ግን አዳራሹንም አደባባዩንም አያይም። ዓይኑ የሚያየው የፊተኛውን መኪና የፍሬን መብራት ብቻ ነው፤ መሆንም ያለበት እንደዚያ ነው።

ገመድ ይጎትታል እንጂ አያስቆምም። ቁልቁለት ላይ የፊተኛው ፍሬን ሲይዝ ገመዱ ይረግባል፣ የኋላው መኪና በራሱ ክብደት ይገሰግሳል። የጠፋ ሞተር ደግሞ ፍሬንን አያግዝም፦ ሁለት ሦስት ጊዜ ከተረገጠ በኋላ ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል፤ መሪውም ይከብዳል። ቁልፉ ከተነቀለ መሪው ጭራሽ ሊቆለፍ ይችላል። ስለዚህ ለዚህ መንገድ ምርጫው የእኔ ቢሆን ከገመድ ይልቅ ጠንካራ የብረት ዘንግ እወስዳለሁ። ዘንግ ርቀቱን ይጠብቃል፣ ፊተኛው ፍሬን ሲይዝ የኋላውንም ገፍቶ ይይዛል። ጉዳቱ መርዘሙና ቤት ውስጥ ቦታ መያዙ ነው። ሲገዙ ሁለቱን ጫፎች ይመልከቱ፤ ወደ ግራና ቀኝ የሚዞር መገጣጠሚያ ከሌለው መታጠፊያ ላይ ቀለበቱን ያጣምማል። ከአሮጌ ቱቦ የተበየደ ርካሽ ዘንግ ቢያገኙ ብየዳውን ሳይመረምሩ አይግዙ።

በአሜሪካ በቤት መኪና የሚዞሩ ጡረተኞች ትንሿን መኪናቸውን በአራት ጎማዋ ከኋላ አስከትለው ረጅም መንገድ ይጓዛሉ። ሰው አይቀመጥባትም። ከሻንሲዋ ጋር የታሰረ ባለ ሦስት ማዕዘን ዘንግ፣ ፔዳሉን የሚረግጥ ተጨማሪ የፍሬን መሣሪያ፣ ከፊተኛው ጋር የተገናኘ መብራት አላት። እኛ አገር አንድ ቀን ጋራዥ ለመድረስ ይህን ሁሉ መግዛት ትርፉ ወጪ ነው። ነገር ግን ሦስቱ ነገሮች፣ ማለትም ማያያዣ፣ ፍሬንና መብራት፣ የትም ቢሆን አይቀሩም፤ እዚህ ፍሬኑ የእርስዎ እግር ነው።

ዘንግ ከሌለና ገመድ ብቻ ካለስ? ይህ ነው የብዙዎቻችን እውነት። 1,000 ኪሎ ገደማ የምትመዝን ቪትዝ ሜዳ አስፋልት ላይ ለመሳብ 20 ኪሎ የማይሞላ ጉልበት ይበቃታል፤ 10 በመቶ ዳገት ላይ ደግሞ 120 ኪሎ ገደማ። ታዲያ 3 ቶን ይችላል የተባለው ገመድ ለምን ይበጠሳል? የሚበጥሰው ክብደቱ ሳይሆን ንጥቂያው ነው። የረገበ ገመድ በድንገት ሲወጠር የሚያርፍበት ኃይል ከመደበኛው ብዙ እጥፍ ነው። ናይለን ትንሽ ስለሚሳብ ንጥቂያውን ይውጠዋል። የብረቱ ካቦ አይሳብም፤ ሲበጠስም ጅራፍ ይሆናል። ካቦ ጭቃ ውስጥ ለተቀረቀረ ከባድ መኪና እንጂ ለቤተሰብ መኪና አይመከርም ባይ ነኝ።

መርካቶ ሶማሌ ተራ ሲሄዱ ጠፍጣፋና ሰፊ፣ ጫፉ በስፌት ቀለበት የተሠራለት የናይለን ገመድ ይጠይቁ። ላዩ ላይ የተጻፈው ቶን ብዙ ጊዜ የሚበጠስበት ልክ ነው፤ ስለዚህ ቢያንስ የመኪናዎን ክብደት ሦስት እጥፍ ይፈልጉ። ርዝመቱ ከ4 እስከ 5 ሜትር ይሁን። ክፍት መንጠቆ ያለውን ይተዉት፣ ገመዱ ሲረግብ ይወልቃል። የተበጠሰውን ቋጥሮ መጠቀምም አያዋጣም፤ ቋጠሮ የገመድን አቅም እስከ ግማሽ ሊቀንሰው ይችላል። መሃሉ ላይ ቀይ ጨርቅ ይሰሩበት፤ በሁለት መኪና መካከል አቋርጦ የሚሮጥ እግረኛ በእኛ ከተማ ብርቅ አይደለም።

የሚታሰረውም ባምፐሩ ላይ ወይም መሪውን በሚያዞሩት ብረቶች ላይ አይደለም። አብዛኞቹ የቅርብ ጊዜ መኪናዎች ከክሪኩ ጋር የተቀመጠ፣ ባምፐሩ ላይ ካለች ትንሽ ክዳን ጀርባ የሚጠብቅ የመጎተቻ ቀለበት አላቸው። አንዳንዱ ወደ ግራ ነው የሚጠብቀው። ያገለገለ መኪና የገዛ ሰው ቀለበቱ አብሮ መምጣቱን ያረጋግጥ፤ ብዙ ጊዜ የሚጠፋው እሱ ነው።

ከመሣሪያው በፊት የሚመጣ ጥያቄ ግን አለ፤ መኪናዎ ይጎተታል ወይ? ማኑዋል ካምቢዮ ከሆነ ዜሮ ማርሽ አድርገው ይሂዱ። አውቶማቲክ ከሆነ ካምቢዮውን በዘይት የሚያርሰው ፓምፕ የሚዞረው በሞተሩ ነው፤ ሞተር ጠፍቶ ጎማ ሲዞር ውስጡ ይደርቃል። ብዙ አምራቾች በዝቅተኛ ፍጥነትና ለአጭር ርቀት ብቻ ይፈቅዳሉ፣ አንዳንዶቹ ጭራሽ ይከለክላሉ። በባትሪ መቀየሪያ ዋጋ ተጀምሮ በካምቢዮ ዋጋ የሚያልቅ ጉዞ የሚባለው ይህ ነው። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ፣ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ከተከለከለ በኋላ፣ በየሰፈራችን የበዙት የኤሌክትሪክ መኪናዎች ደግሞ ሌላ ጉዳይ ናቸው። ጎማቸው ሲዞር ሞተራቸው ኤሌክትሪክ ያመነጫል፤ ሊቃጠል ይችላል። አንዳንዶቹም ከ2,000 ኪሎ በላይ ይመዝናሉ። ለእነዚህ ገመድም ዘንግም አይግዙ፤ አራቱንም ጎማ አንስቶ የሚጭን ሎቤድ ይጥሩ፣ ስልኩንም አስቀድመው ይያዙ።

ልጆቹ በሚጎተተው መኪና ውስጥ አይቀመጡ፤ በታክሲ ይቅደሙ። አራቱም ፍሬቻ ይብራ፣ ቁልፉ አይነቀል፣ ፊተኛው ሹፌር ከ30 ኪሎ ሜትር በሰዓት እንዳያልፍ ከመነሳትዎ በፊት ይነጋገሩ፤ መቆም ሲፈልጉ ክላክስ ስንት ጊዜ እንደሚመታም እንዲሁ። መስቀል አደባባይን ካለፉ በኋላ በደብረ ዘይት መንገድ ላይ የቀላል ባቡሩ ሐዲድ መንገዱን በአብዛኛው መሃል ለመሃል ስለሚከፍለው እንደልብ መታጠፍ የለም። ስለዚህ የሚሄዱበት ጋራዥ ከሐዲዱ በየትኛው ወገን እንደሆነ ገና ካዛንቺስ ሳሉ ደውለው ይጠይቁ።