እናቴ ካሜራውን ነጠላ ያለበሰች ዕለት

ትንሿ ልጄ ስምንት ወር ሲሞላት ወደ ሥራ ተመለስኩ። ቀን የምትውለው ከእናቴና ከቤት ሠራተኛችን ጋር ነው። እኔ ቢሮ ብገባም ልቤ ቤት ይቀራል። ስለዚህ አንዲት ትንሽ የዋይፋይ ካሜራ ገዝቼ ሳሎን መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩ። በስልኬ ልጄን ሳያት፣ በካሜራው ድምፅ ማጉያም «ማሚዬ!» ብዬ ስጠራት ደስ ይለኝ ነበር።

እናቴ ግን ከመጀመሪያውም አልወደደችውም። «ዓይን ያለው ዕቃ ቤት ውስጥ ምን ይሠራል?» ትለኛለች። እኔም እስቅባት ነበር።

አንድ ቀን ማታ ስገባ ካሜራው ነጠላ ለብሶ አገኘሁት።

«እማዬ፣ ምነው?» አልኳት።

«አንገቱን እያዞረ ሲከተለን ዋለ። አንቺ ነሽ ብዬ ዝም አልኩ። በኋላ ግን ከውስጡ ወንድ ሲያስል ሰማሁ።»

ያን ቀን ሙሉ ስብሰባ ላይ ነበርኩ። ስልኬን አልነካሁትም።

የኔትወርክ ባለሙያ የሆነውን የአጎቴን ልጅ ጠራሁት። መጀመሪያ የጠየቀኝ «ፓስወርዱን ቀይረሽዋል?» ብሎ ነው። አልቀየርኩትም። ከፋብሪካ እንደመጣ ከአንድ እስከ ስድስት የተደረደረ ቁጥር ነበር። «የዚህ ዓይነት ካሜራ የገዛ ሁሉ ያለው ይህንኑ ቁልፍ ነው። በርሽን ቆልፈሽ ቁልፉን እዚያው ሰክተሽ እንደመሄድ ነው» አለኝ።

ነገሩ የእኔ ቤት ብቻ እንዳልሆነም አስረዳኝ። እ.ኤ.አ. በ2016 ሚራይ የተባለ አደገኛ ፕሮግራም ካሜራዎችንና ራውተሮችን በኢንተርኔት እየፈለገ፣ 60 ያህል የፋብሪካ ስሞችንና የይለፍ ቃሎችን ብቻ እየሞከረ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ዕቃዎችን ጠለፈ። በዚያው ዓመት በጥቅምት 21 ቀን እንዲህ የተጠለፉ ዕቃዎች ዳይን የተባለውን የአሜሪካ ኩባንያ ሲያጨናንቁት፣ እንደ ትዊተርና ኔትፍሊክስ ያሉ ገጾች ለብዙዎች ለሰዓታት አልከፈት አሉ።

«ታዲያ ለምን ጠንካራ አድርገው አይሠሯቸውም?» አልኩት። እንዲህ ያሉ ዕቃዎች ብዙዎቹ አቅማቸው ትንሽ ነው። አንዳንዶቹ በአንዲት ባትሪ ለዓመታት እንዲሠሩ ይፈለጋል፤ በስልክና በኮምፒውተር የምንጠቀምበት የምስጠራ ስሌት ይከብዳቸዋል። ለዚህም ቀለል ያለ፣ ግን የማይሰበር ምስጠራ ሲፈለግ ቆይቷል። የአሜሪካ ብሔራዊ የስታንዳርዶችና ቴክኖሎጂ ተቋም ብዙ እጩዎችን ለዓመታት አወዳድሮ እ.ኤ.አ. በ2023 አስኮን የተባለውን መረጠ። ከፈጣሪዎቹ መካከል በኦስትሪያ የግራዝ ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይገኙበታል። እንግሊዝም ከሚያዝያ 2024 ጀምሮ በቀላሉ የሚገመት የፋብሪካ የይለፍ ቃል ያላቸው ዕቃዎች እንዳይሸጡ በሕግ ከልክላለች።

የአጎቴ ልጅ ግን አንድ ነገር አጥብቆ ነገረኝ፦ «ምስጠራው መረጃው በመንገድ ላይ እንዳይሰረቅ ይጠብቅልሻል። ቁልፍሽን ይዞ ለመጣ ሰው ግን ይከፍትለታል።»

በዚያው ምሽት የካሜራውንም የራውተሩንም የይለፍ ቃል ረዘም አድርገን፣ ለየብቻ ቀየርን። የካሜራውን ሶፍትዌር አዘመንን። ራውተሩ ለዕቃዎች በራሱ ወደ ውጭ በር እንዳይከፍት አደረግን። ካሜራውንም ስልኮቻችን ከሚጠቀሙበት ለይተን በእንግዳ ዋይፋይ ላይ አገናኘነው። ሁሉም አንድ ሰዓት እንኳ አልፈጀም። የገዛሁ ዕለት ላደርገው እችል ነበር።

ያ የሳለው ሰው ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ከዚያ በፊት ስንት ቀን ልጄን ሲያያት እንደነበረ፣ እናቴ ፀጉሯን ስትሠራ፣ ሠራተኛችን ልጅቷን ስታጥብ አይቶ እንደሆነም አላውቅም። ማታ ማታ የሚከነክነኝ ይህ ነው።

ካሜራው አሁንም መደርደሪያው ላይ አለ። እኔ ቤት ስገባ ከሶኬት እነቅለዋለሁ። እናቴ ግን በዚህ አልረካችም፤ ተነቅሎም ነጠላዋን ትጥልበታለች። አሁን አልስቅባትም።