የዘር ጎተራው ወንዝ ውስጥም አለ

በጎጃም ገበሬ ቤት ዘር አይበላም። ክረምቱ ሲከፋ፣ ጎተራው ሲራቆት፣ እናት ከጎረቤት ትበደራለች፤ አባት በግ አውጥቶ ይሸጣል። ለመጪው ዓመት የተቀመጠው የበቆሎና የጤፍ ዘር ግን አይነካም። ይህን ለማስተማር አዋጅ አላስፈለገም፤ ማንም ልጅ ከቤቱ ያውቀዋል።

በወንዞቻችን ላይ ግን ይህን ሕግ ረስተነዋል። ዛሬ ላነሳው የፈለግሁት ጉዳይ እሱ ነው።

ያደግሁት ፍኖተ ሰላም ነው። የአካባቢያችን ሰው «ዓሣ» ሲባል ሐሳቡ ቶሎ ወደ ባሕር ዳርና ወደ ጣና ይሄዳል። እውነት ነው፣ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ከሚሰፋው ጣና ጋር የሚወዳደር ውሃ የለንም። ነገር ግን ከደምበጫ ተነስቶ ወደ ቡሬ የሚጓዝ ሰው ምን ያህል ወንዝ እንደሚሻገር ይቁጠር። ደምበጫ ላይ ተምጫ አለ፤ ጅጋ አካባቢ ብር፤ ፍኖተ ሰላም ላይ ላህ፤ በቡሬ በኩል ፈጣም። ሁሉም ውሃቸውን ይዘው ወደ ዓባይ ሸለቆ ይወርዳሉ። በጃቢ ጠህናን ደግሞ ለመስኖ የተገደበው ገራይ አለ። ወደ ሰሜን ሲኬድ፣ መራዊ ላይ 7,000 ሄክታር መሬት እንዲያጠጣ የተሠራው የቆጋ ግድብ አለ፤ ዓሣም ይወጣበታል።

በልጅነታችን መንጠቆ በሲባጎ አስረን፣ ከረግረጉ ዳር ትል ቆፍረን ወንዝ እንወርድ ነበር። አምባዛ ከተያዘ ሠፈሩ ሁሉ ይሰማል። ያኔ ከታላላቆቻችን የተማርነው አንድ ትልቅ ቁም ነገር ነበር፤ ዓሣ በበጋ የት እንደሚገኝ።

ከጥር በኋላ ወንዙ ይጎድላል። ብዙው ቦታ ላይ ልጅ በእግሩ የሚሻገረው ቀጭን ውሃ ብቻ ይቀራል። ከገደል ሥር፣ ከትልቅ ቋጥኝ አጠገብ፣ ወንዙ በሚታጠፍበት ቦታ ግን ጥልቅ ውሃ አይጠፋም። የአገሬው ሰው ይህን «ባሕር» ይለዋል። ከላይም ከታችም ያለው ዓሣ ተጠራቅሞ ክረምት እስኪገባ የሚቆየው እዚያ ነው። ሰኔ ላይ ወንዙ ሲሞላ ከዚያች ባሕር ወጥቶ ይሠራጫል፤ ይራባል። እንግዲህ ያች ባሕር የወንዙ የዘር ጎተራ ናት ማለት ነው።

አሁን እዚያች ጎተራ ላይ የምናደርገውን ልንገራችሁ። ብርብራ የሚባለውን ዛፍ የማያውቅ የገጠር ሰው የለም። ፍሬው ተወቅጦ ውሃ ውስጥ ሲበተን ዓሣው ይሰክርና ይንሳፈፋል። በውስጡ ያለው ሮቴኖን የሚባል ንጥረ ነገር የዓሣው አካል ኦክስጅን እንዳይጠቀም ያደርጋል፤ ዓሣው ውሃ ውስጥ እያለ ይታፈናል። ትልቁን ከትንሹ አይለይም። ሰዎቹ ለድስት የሚሆነውን ለቅመው ሲሄዱ፣ የጣት ያህል የሆኑት ጫጩቶች ዳር ላይ ተኝተው ይቀራሉ። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። ውሃው በሞላበት ጊዜ ቢደረግ ጉዳቱ ይቀንስ ይሆናል፤ በመጋቢት በአንዲት ባሕር ላይ ሲደረግ ግን የረጅም ወንዝ ዘር በአንድ ከሰዓት ያልቃል። በዚህ ላይ ለሽንኩርትና ለድንች መስኖ ቀንና ሌሊት የሚስበው የውሃ ፓምፕ ሲጨመር፣ ባሕሩ ራሱ ይደርቃል።

ለምን በዚያ ወቅት? አንዱ ምክንያት ገበያው ነው። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፤ የሚውለውም ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ነው። ሥጋ ቤቱ ሲዘጋ የዓሣ ፈላጊው ይበዛል። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለአባቶች እተዋለሁ። እኔ የምለው፣ ዓሣ በጣም የሚፈለግበት ወቅት ወንዞቻችን በጣም ከሚጎድሉበት ወቅት ጋር መግጠሙን ልብ እንበል ነው።

ይህ የእኛ ወንዞች ብቻ ችግር አይደለም። ጣና ላይም የሆነው ከዚህ ጋር ይመሳሰላል። ነጭ ዓሣ የምንለው ወገን በጣና 15 ያህል ዝርያ አለው፤ አብዛኞቹ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ አይገኙም። በርካቶቹ ክረምት ሲገባ ለመራባት ወደ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭና ሌሎች ገባር ወንዞች ይወጣሉ። በ1970ዎቹ መጨረሻ የሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ ሲመጣ፣ አስጋሪው ዓሣው በሚያልፍበት በወንዙ አፍ ላይ መረቡን ዘረጋ። ተመራማሪዎች በ1980ዎቹ መጀመሪያ የነበረውን ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጋር ሲያነጻጽሩ፣ ለመራባት ወደ ወንዝ የሚወጣው ነጭ ዓሣ በ75 በመቶ ያህል ቀንሶ አገኙት። እዚያ እናቲቱ በደጅ ተያዘች፤ እዚህ ልጆቹ በጎተራ አለቁ። ሁለቱም ዘር መብላት ነው።

ሕግ የለም ማለት አይቻልም። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 በመርዝ ማስገርን ይከለክላል። ግን ፈጣም ዳር ቆሞ አዋጅ የሚያነብ ማን ነው? በሰላሙም ጊዜ የዓሣ ባለሙያ ወደ እነዚህ ወንዞች ሲወርድ አላየሁም። ዛሬ መንገዱ በተዘጋበት፣ ሰው ከቤቱ ወጥቶ መመለሱን በሚጠራጠርበት ጊዜ ይመጣል ብዬ አልጠብቅም።

«ሰው እየሞተ ስለ ዓሣ ታወራለህ?» የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሴ ግን ይህ ነው፦ ማዳበሪያ ሲጠፋ፣ ገበያ ሲዘጋ፣ መሬት የሌለው ወጣት ያለምንም ብድር ወርዶ ለቤተሰቡ ምግብ ሊያመጣ የሚችልበት ቦታ ወንዙ ነው። ችግር ሲጠና ይበልጥ የሚያስፈልገን እሱ ነው። ያን ቀን ወርደን ባዶ ውሃ እንዳናገኝ ነው የምፈራው።

ደግሞም ያለ ፖሊስ መጠበቅን እናውቅበታለን። በጎጃም ሜዳ ላይ ዛፍ ከቀረ፣ ብዙ ጊዜ የቀረው በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ነው። ዘጌ ደን ለብሶ የኖረው ሞፈር ስላልገባበት ነው። ይህን ያደረገው የአገሬው ሰው እምነትና ስምምነት ነው። ለዛፉ የሠራ ግዝት ለውሃው የማይሠራበት ምክንያት አይታየኝም።

ስለዚህ የምለው ብዙ አይደለም። እያንዳንዱ ጎጥ በወንዙ ላይ አንዲት ባሕር ይምረጥ። ከጥር እስከ ክረምት መግቢያ መረብም፣ ፓምፕም፣ ብርብራም አይግባባት። ዕድሩ ይወስን፤ ሽማግሌ ይመስክር፤ ቄሱ ያውግዝ። በሌላው ቦታ በመንጠቆ የሚያጠምድ ያጥምድ። የሁዳዴውን ገበያ ደግሞ እንደ ቆጋና ገራይ ያሉ ግድቦች ይሸከሙት፤ ባሕር ዳር ያለው የዓሣ ምርምር ማዕከልም ጫጩትና ምክር ይዞ ወደ ግድቦቹ አካባቢ ወጣቶች ይቅረብ። ከተማ ያለን በላተኞችም የጣት ያህል ዓሣ ሲቀርብልን «ይህ ከየት፣ እንዴት ተያዘ?» ብለን እንጠይቅ።

አባቶቻችን በክፉ ቀን ዘር ሳይበሉ የቆዩት ቀኑ እንደሚያልፍ ስላመኑ ነው። ይህም ቀን ያልፋል። ሲያልፍ በላህና በፈጣም ውስጥ የሚራባ ነገር ይቆየን።

ቸር ያሰማን።