ግሡ የማን ነው?

የፈተና ሰሞን ሲቃረብ በዶርሚተሪያችን የሚሰማው ምክር ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። «ካላወቅኸው ሲ በል»፤ «ረጅሙን ምረጥ»፤ «ለጆሮህ የጣመህን አጥቁር»። እኛም በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ የምናጠና አራት እጩ መምህራን የ12ኛ ክፍል የእንግሊዝኛ ፈተናችንን የተፈተንነው ይህንኑ ይዘን ነበር። ውጤታችንን እዚህ አንዘረዝርም፤ አራታችንም የጠበቅነውን አለማግኘታችንን ማወቅ ለአንባቢ ይበቃል።

ከሦስቱ ምክሮች ይበልጥ የጎዳን የመጨረሻው ነው። ለጆሮ የጣመን መምረጥ እንግሊዝኛ ሲነገር እየሰማ ላደገ ሰው ይሠራ ይሆናል። የኛ ጆሮ ግን ያደገው በአማርኛ ነውና የሚጣፍጠውም አማርኛ አማርኛ የሚለው ዓረፍተ ነገር ነው።

ነገሩ የገባን ግን በራሳችን ፈተና ሳይሆን በሰው ልጅ ላይ ባደረስነው ስሕተት ነው። ለማስተማር ልምምድ ወደ አንድ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተልከን የ7ኛ ክፍል ተማሪዎችን ለፈተና ስናዘጋጅ፣ አንዳችን ሰሌዳው ዘንድ ሦስታችን ከኋላ ወንበር ሆነን፣ አቋራጭ ያልነውን ዘዴ ሰጠናቸው። «ከግሡ አጠገብ ያለውን ስም እዩ። ብዙ ከሆነ አር፣ አንድ ከሆነ ኢዝ።» ልጆቹ ደስ ብሏቸው ጻፉት።

ፈተናው ታርሞ ሲመለስ አንዲት ልጅ ወረቀቷን ይዛ መጣች። ጥያቄው (እንግሊዝኛውን በፊደላችን ስለጻፍነው ጮክ ብላችሁ አንብቡት) «ዘ ሊስት ኦፍ ዘ ስቱደንትስ» ይልና ባዶ ቦታ ትቶ «ሎስት» ብሎ ያበቃል። እሷ አር ብላለች፤ ቀይ ኤክስ ተደርጎባታል።

«ቲቸር፣ እንዳሉን እኮ ነው የሠራሁት» አለች።

እኛም ማፈራችንን እንዳታይብን «ጥያቄው ተሳስቷል» ብለን ሸኘናት። ጥያቄው አልተሳሳተም ነበር።

ያን ማታ እራቱም አልጣመን፤ ተቀምጠን ዓረፍተ ነገሩን ወደ አማርኛ መለስነው። «የተማሪዎቹ ዝርዝር ጠፋ።» እዩት እንግዲህ! በአማርኛ የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት፣ ማለትም ዝርዝሩ፣ ከግሡ ጎን ተቀምጧል፤ ተማሪዎቹ ቀድመው አልፈዋል። እንግሊዝኛ ይህን ይገለብጠዋል። ሊስት መጀመሪያ ይመጣና ስቱደንትስ በሱና በግሡ መካከል ይደነቀራል። ስለዚህ በአማርኛ የማያሳስተን «አጠገቡን እይ» የሚል ልማድ እንግሊዝኛ ላይ ሲደርስ ወጥመድ ይሆናል። ፈተና አውጪዎችም ይህን አሳምረው ያውቃሉ፤ ኦፍ፣ ዊዝ፣ ኢን እያሉ በባለቤቱና በግሡ መካከል ቃላት የሚከምሩት በከንቱ አይደለም።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ምርጫዎቹን ከማየት በፊት ግሡን ፈልጎ «የማን ነህ?» ብሎ መጠየቅ፣ ከዚያም ከኦፍ ጀምሮ እስከ ግሡ ያለውን በእርሳስ መሰረዝ። «ዘ ሊስት» ብቻ ሲቀር አር የሚል ሰው አይገኝም። በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለከፊሉ ተፈታኝ በኮምፒዩተር ተሰጥቷልና እርሳስ በማይሠራበት ቦታ በዓይን መዝለልን ከወዲሁ መለማመድ ያስፈልጋል።

አንዱን ካገኘን በኋላ ሌሎቹም ተከታትለው መጡ። «አልዞ ሂ ወዝ ሲክ፣ በት ሂ ኬም» የሚለውን ከአራታችን ሦስታችን ትክክል ነው ስንል ኖረናል። በንግግር «ምንም እንኳ ቢታመምም ግን መጣ» ብንል የሚቆጣን የለምና። እንግሊዝኛ ግን እዚህ ላይ ቆጣቢ ነው፤ አልዞ ካለ በትን፣ በት ካለ አልዞን ያስወጣል። ሁለቱን አንድ ላይ የያዘ ምርጫ ስታገኙ ሳትራሩ ጣሉት።

ከሁሉ ያሳቀን ግን ይህ ነው፦ «ዎኪንግ ቱ ስኩል፣ ዘ ሬን ስታርትድ።» እኛ ምንም ጉድለት አላየንበትም ነበር። «ወደ ትምህርት ቤት ስንሄድ ዝናቡ ጀመረ» ማለት አይደል? ነገር ግን «ስንሄድ» የሚለው ግሣችን ሄያጁን በሆዱ ይዞ ነው የሚሄድ፤ እኛ መሆናችን እዚያው አለ። ዎኪንግ ባዶውን ነው። ማንንም ስላልያዘ ከነጠላ ሰረዙ በኋላ ያገኘውን የመጀመሪያ ስም ይይዛል፤ ዝናቡም በእግሩ ወደ ትምህርት ቤት ሄደ ማለት ይሆናል። «ደብተሩንስ ይዟል?» አለ አንዱ ጓደኛችን። እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣ ከነጠላ ሰረዙ ቀጥሎ የሚራመድ ፍጡር መኖሩን ማየት ይበቃል፤ ዊ ወይም ዘ ቦይስ የሚል ምርጫ ካለ መልሱ እዚያ ነው።

ስለ አጻጻፍ ስልት ጥያቄዎች የምንለው ጥቂት ነው። እኛ «ተመልሶ መጣ»፣ «ደግሞ ደጋግሞ» ማለት ያምርብናል፤ እንግሊዝኛ «ሪተርን ባክ»ን እና «ሪፒት አጌን»ን እንደ ትርፍ ይቆጥራል። ሁለት ምርጫዎች በሰዋስው ልክ ሆነው ትርጉማቸው አንድ ከሆነ አጭሩ ያሸንፋል። «ረጅሙን ምረጥ» ያሉንን ዛሬ ብናገኛቸው! ይሁንና አጭሩ ከሐሳቡ ቆርጦ የጣለው ነገር እንዳለ ሳታዩ አትቸኩሉ፤ እኛ በዚህም ተሳስተናል። መገመት ካስፈለገም ቢያንስ ሁለቱን ጥላችሁ ገምቱ፤ ለተሳሳተ መልስ ነጥብ እንደሚቀነስ መመሪያው ካልተናገረ ደግሞ ባዶ አትተዉ።

በማግስቱ ወደ 7ኛ ክፍል ተመልሰን «የሰጠናችሁ ደንብ ስሕተት ነው፤ ሰርዙት» አልን። ልጆቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። አንዱ «ቲቸር፣ በስክሪብቶ ነው የጻፍነው» አለን። ዝርዝሩንና ተማሪዎቹን ሰሌዳ ላይ አውጥተን፣ መካከሉን በጠመኔ ሰርዘን፣ ሙሉ ክፍለ ጊዜውን በሱ ጨረስነው።

ልጅቱ ግን አልነበረችም። ቀኑ የገበያ ቀን ስለነበር ከእናቷ ጋር ሄዳለች አለችን የጎን ጓደኛዋ። የልምምድ ጊዜያችን ደግሞ በዚያው ዕለት ማለቁ ነበር። ከደብተር ወረቀት ቀድደን ዓረፍተ ነገሩን ጻፍንና «ኦፍ ዘ ስቱደንትስ»ን ሰረዝን፤ ከሥሩም «ጥያቄው ልክ ነበር፤ የተሳሳትነው እኛ ነን» ብለን አራታችንም ፈረምንበት። ጓደኛዋ አጥፋ በእንግሊዝኛ መጽሐፏ መካከል አስቀመጠችው።