ፍላሽ ያነባል?

ቃሊቲ ሪሲቨር ሊገዛ የመጣ ሰው ሱቅ ገብቶ መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። የምስል ጥራት በኋላ ይደርሳል።

ውጭ አገር ግን መነሻው ሌላ ነበር፤ ሮኩ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2008 የመጀመሪያ ሳጥኑን ያወጣው ኔትፍሊክስን ወደ ቴሌቪዥን ለማምጣት ነበር። ጉግል ደግሞ በ2013 ክሮምካስት የሚባለውን መሣሪያ በ35 ዶላር አቀረበ፤ ስልክ ራሱ ሪሞት ሆነ። ርካሽ ነበር፣ ቀላል ነበር፣ ተሸጠ። ግን ሁለቱም ቤት ውስጥ የማያልቅ ኢንተርኔት አለ ብለው ነው የተነሱት። እኛ ሰፈር ዋይፋይ ማለት የአንዱ ልጅ ስልክ ነው፤ ልጁ ከወጣ ሲኒማውም አብሮት ይወጣል።

ፍላሽ ግን ፓኬጅ አትበላም። አንዴ ካስሞሏት ጎረቤትም ይዋሳታል።

ደግሞ ቋንቋው አለ። ቃና ቴሌቪዥን እ.ኤ.አ. በ2016 የቱርክ ድራማ በአማርኛ ይዞ ሲመጣ የስንቱን ቤት ምሽት ወሰደ! ያኔ ሪሲቨሩን ማን እንደሠራው የጠየቀ አልነበረም (ሪሞቱ ከጠፋ በቀር)።

አሁን የአማርኛው ድራማ ዩቲዩብ ላይ ሞልቷል። የአንድሮይድ ቦክስ ሻጮች ሆይ፣ እናቴ "ኦኬ"ን ብቻ ተጭና እሱን የምታገኝበት ካላችሁ አምጡ፤ ፎር ኬ ምናምኑን ለጎረምሶቹ ንገሯቸው።