ለትንሿ ኮምፒዩተር ሥርዓተ ሊኑክስን በሐዋሳ ስለ ማሰናዳት

ራስበሪ ፓይ የተባለችው ከመዳፍ የማትሰፋ ኮምፒዩተር እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2012 በ35 ዶላር ለገበያ ከቀረበች ወዲህ፣ ትልቁን ኮምፒዩተር ለመግዛት አቅም የሌለው ትምህርት ቤት ሁሉ የጥበብ ተካፋይ ይሆናል የሚል ተስፋ በብዙ አገር ተዘርቷል፤ ተስፋውም ከንቱ እንዳልሆነ በሐዋሳና በዙሪያዋ ባሉት ወረዳዎች በዐይኔ አይቻለሁ። ይሁን እንጂ ሰሌዳዪቱ ብቻዋን ስትመጣ የምትታዘዝበት ሥርዓት በውስጧ የለም፤ እርሱ የሚመጣው በሜሞሪ ካርድ ላይ ተገልብጦ ነው። ከርነሉና ፕሮግራሞቹ፣ ፊደላቱና ቋንቋው፣ ሰዓቱና የመግቢያው የምሥጢር ቃል ሳይቀር በአንድ ፋይል ተጠቃለው ለመገልበጥ የተዘጋጁበትን በሞያችን ኢሜጅ እንለዋለን። ይህንን ኢሜጅ ከባሕር ማዶ እንደ መጣ ወስዶ መጠቀም ቀላል ሆኖ ሳለ፣ ለምን እዚሁ በአገራችን ልናሰናዳው እንደሚገባ ያለኝን ሐሳብ፣ ወገኖቼ፣ ዛሬ በሰፊው ልጽፍላችሁ ወደድሁ።

በባሕር ማዶ የሚደክሙት ሰዎች ሥራቸው ያማረ ነው፤ ውለታቸውም አይካድም። ነገር ግን በኅሊናቸው የሚሥሉት ተጠቃሚ መብራት የማይጠፋበት፣ ኢንተርኔትም ዘወትር ከደጁ የማይለይ ሰው ስለ ሆነ፣ የጎደለ ነገር ቢኖር ነገ አውርዶ ይሞላዋል ብለው ይተዉታል። እኛ የምናሰናዳለት ትምህርት ቤት ግን ምናልባት በሁላ ወይም በአርቤጎና ደጋ ላይ ያለ ነው፤ መምህሩ ካርዱን ከሰካበት ዕለት ጀምሮ አንዲት መስመር እንኳ የሚያርምለት ሰው አይደርስለትም። ሰሌዳዪቱ በዚያ የምትሠራው የቤተ መጻሕፍት አገልጋይነት ነው፤ ይኸውም ኪዊክስ በተባለው ፕሮግራም አማካይነት ዊኪፔዲያንና የትምህርት መጻሕፍትን በውስጧ አኑራ፣ ዋይፋይ ራሷ እየረጨች፣ ከውጭው ዓለም ጋር አንዳች ግንኙነት ሳይኖራት ለተማሪዎች ታስነብባለች። የእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ ከነሥዕሉ 100 ጊጋባይት አካባቢ ሲሆን፣ የአማርኛው ከአንድ ጊጋባይት ያነሰ ነው፤ ይህ ልዩነት በራሱ ሌላ ኀዘን ስለ ሆነ ለሌላ ቀን ልተወው።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚታሰበው የመብራት ነገር ነው። ኮምፒዩተሪቱ በካርዱ ላይ በመጻፍ ላይ ሳለች መብራት በድንገት ቢጠፋ፣ ግማሹ ተጽፎ ግማሹ የቀረ መዝገብ ይፈጠርና፣ ይህም ደጋግሞ ሲደርስ ካርዱ ይበላሻል፤ ስለዚህ ሥርዓቱ የሚኖርበትን ክፍል እንዳይጻፍበት ዘግተን፣ ጊዜያዊው ጽሑፍ ሁሉ በማስታወሻዋ ላይ ብቻ እንዲውልና መብራት ሲጠፋ አብሮ እንዲጠፋ እናደርጋለን፤ የተማሪዎቹ ውጤት ብቻ በካርዱ ሦስተኛ ክፍል ለብቻው ይቀመጣል። ከገበያ በርካሽ የተገዛ የስልክ ቻርጀርም ሌላው ጠላት ነው፤ የሚደርሳት ኃይል ከ4.63 ቮልት ሲወርድ ቀይዋ መብራት ትጠፋለች፣ ሥራዋም ይናወጣል። አረንጓዴዋ መብራት ደግሞ ችግሩን በምልክት ትናገራለች፤ በተከታታይ 4 ጊዜ ብልጭ ብትል የማስነሻው ፋይል አልተገኘም፣ 7 ጊዜ ብትል ከርነሉ አልተገኘም ማለት ነው። ይህን በአንዲት ወረቀት ጽፈን በሣጥኗ ክዳን ላይ እንለጥፋለን፤ መምህሩ ወደ ሐዋሳ ደውሎ ስንት ጊዜ ብልጭ እንዳለች ሲነግረን፣ አዲስ ካርድ መላክ ይገባ እንደሆነ ወይም ካርዱን ነቅሎ መልሶ መሰካት ይበቃ እንደሆነ በስልክ እንረዳለን።

ከዚህ ቀጥሎ የሰዓት ጉዳይ አለ፤ እዚህ ላይ ሁለቱ መድኃኒቶች እርስ በርሳቸው እንደሚጣሉ ብዙ ሰው አያስተውልም። ራስበሪ ፓይ እስከ 4ኛዋ ድረስ የገዛ ራሷ ሰዓት የላትም፤ እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣችው 5ኛዋም ሰዓት ቢኖራት ባትሪው ለብቻው የሚገዛ ነው። ኢንተርኔት ባለበት አገር ስትነሣ ከኔትወርኩ ትጠይቃለች፤ በሌለበት ግን ስትዘጋ በካርዱ ላይ ከጻፈችው ጊዜ ትጀምራለች። እኛ ደግሞ ሥርዓቱ የሚኖርበትን የካርዱን ክፍል እንዳይጻፍበት ዘግተነዋል። እንግዲህ መብራት በጠፋ ቁጥር ኮምፒዩተሪቱ ኢሜጁ ወደ ታተመበት ዕለት ትመለሳለች፤ የዛሬው ፈተና ከአምናው በፊት የተሠራ ሆኖ ይመዘገባል። ስለዚህ ዲኤስ3231 የተባለችውን፣ የሳንቲም መልክ ባላት ባትሪ የምትሠራ ሰዓት በሰሌዳዋ ላይ ሰክቶ፣ በኮንፊግ ፋይሉ ውስጥ እርሷን የምታስታውቅ አንዲት መስመር መጨመር ግድ ነው። መስመሯ አጭር ናት፤ ነገር ግን ካርዱ ከሐዋሳ ሳይወጣ በፊት ካልተጻፈች ማንም አይጽፋትም።

አሁን ልቤ ወደሚያደላበት ወደ ልሳን ነገር ልምጣ። በአብዛኛው ሊኑክስ ሥር ያለው የጂኤንዩ ሲ ላይብረሪ የየአገሩን የቀን ስምና የፊደል ተራ የሚወስኑ መዝገቦች አሉት፤ በነዚህም መካከል ከአማርኛ፣ ከትግርኛ፣ ከኦሮምኛ፣ ከአፋርኛና ከሶማሊኛ ጋር የሲዳምኛና የወላይትኛ፣ እንዲሁም የግዕዝ መዝገብ ይገኛል። የአማርኛውንና የሲዳምኛውን፣ የወላይትኛውንና የግዕዙን ያሰናዱት ዳንኤል ያዕቆብና የግዕዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን ናቸው፤ ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ከገባ ጥቂት ዓመታት በኋላ መሆኑ ነው። በሐዋሳ ተቀምጬ ኢሜጅ ሳሰናዳ፣ ሲዳምኛን መርጬ ኮምፒዩተሪቱ ዕለታቱን ሳምባታ፣ ሳንዮ፣ ማኪሳንዮ፣ ሮዌ እያለች ስትቆጥር ሳይ፣ ይህ ከተማ ዋና ከተማው የሆነለት የሲዳማ ክልል በ2012 ዓ.ም. ሳይመሠረት ከብዙ ዓመት በፊት፣ አንድ ሰው ስለ ቋንቋው በብርቱ አስቦ እንደ ነበር እረዳለሁ፤ ምስጋናዬም ትልቅ ነው። የግዕዙ መዝገብ እኁድ፣ ሰኑይ፣ ሠሉስ ብሎ ይቆጥራል፤ እንዲያውም ሁለት ተራ አለው፤ አንዱ ሀለሐመ፣ ሁለተኛው የቤተ ክህነት ልጆች የሚያውቁት አበገደ። የቅኔ ቤት መዝገበ ቃላት በአበገደ ተራ ተደርድሮ እንዲወጣ የሚሻ ሊቅ ቢኖር፣ ኮምፒዩተሩን በአንድ ትእዛዝ ማዘዝ ይበቃዋል። ለዓለሙ ሁሉ በነጻ በሚታደለው በዚህ ሥርዓት ውስጥ የአባቶቻችን የፊደል ተራ መቀመጡን የሚያውቀው የአገራችን ሰው ምን ያህል ይሆን?

ይህ ሁሉ መዝገብ ግን ከባሕር ማዶ በሚመጣው ኢሜጅ ላይ ተኝቶ ይኖራል፤ መርጦ የሚያነቃው ካልተገኘ እንግሊዝኛው ብቻ ይሠራል። ፊደሉም እንዲሁ ነው፤ አቢሲኒካን ወይም ኖቶ ኢትዮፒክን የመሰለ የፊደል ፋይል አብሮ ካልተጫነ፣ አማርኛው በስክሪኑ ላይ ባዶ ሣጥን እየሆነ ይሰለፋል። ከዚህም በላይ በአማርኛው መዝገብ የዕለታቱ ስም የኛ ቢሆንም፣ የወራቱ ስም ጃንዩወሪ፣ ፌብሩወሪ እየተባለ የፈረንጁን ይከተላል፤ ሲ ላይብረሪው የሚቆጥረው የጎርጎርዮስን አቈጣጠር ብቻ ስለ ሆነ፣ ጳጉሜን የምታህል ወር ለማስገባት ቦታ የለውም። መስከረምን ከነ13ኛዋ ወር የሚያሳይ፣ ንጋትንም 12 ሰዓት የሚል ትንሽ ፕሮግራም እኛው ጽፈን ከኢሜጁ ጋር ማተም ይኖርብናል፤ ልጆቹ በቤታቸው የሚያውቁት ቀን በትምህርት ቤቱ ስክሪን ላይ ሌላ ቀን መሆን የለበትም ብዬ አጥብቄ አምናለሁ።

የማሰናዳቱ ሥራ ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው ዴቢያን ለተባለው የሊኑክስ ዐይነት የተዘጋጁትን ጥቅሎች እየሰበሰቡ መደርደር ሲሆን፣ የራስበሪ ፓይ ሰዎች ፓይ ጄን ብለው የሚጠሩት የትእዛዝ ስብስብ ይህን ደረጃ በደረጃ ይሠራል፤ የሰሌዳዋ አንጎል ከላፕቶፓችን አንጎል የተለየ ስለ ሆነ፣ ኪውኢሙ የተባለው አስመሳይ በመካከል ሆኖ ያስተረጕማል። ሁለተኛው ቢልድሩትና ዮክቶ የተባሉት መሣሪያዎች የሚከተሉት መንገድ ነው፤ እያንዳንዱን ፕሮግራም ከምንጩ አንሥተው ስለሚሠሩ ኢሜጁ እጅግ ያነሰ ይሆናል፤ ዮክቶ ግን በአስር የሚቆጠር ጊጋባይት ባዶ ቦታና የብዙ ሰዓት ትዕግሥት ይጠይቃል፤ በሥራው አጋማሽ መብራት የጠፋበት ሰው ትዕግሥት ምን እንደ ሆነ ያውቀዋል። እኔ ለትምህርት ቤቱ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ፤ ከእኔ በኋላ የሚመጣው ወጣት በቀላሉ ያነበዋልና። በየትኛውም መንገድ ቢሆን አንድ ጊዜ የወረደው ጥቅል እንዲቀመጥ ማድረግ ይገባል፤ የኢንተርኔቱ ዋጋ በየጊዜው ከኪስ የሚወጣ ነው። ካርዶቹን ስናባዛም የምሥጢር ቁልፋቸው በሁሉ ላይ አንድ ዐይነት እንዳይሆን ከኢሜጁ ላይ ፍቀን፣ እያንዳንዷ ስትነሣ የራሷን እንድትፈጥር እናዛለን።

አሁን የማየው ትልቁ ጉድለት ኢሜጁ እንጂ አሠራሩ አለመጠበቁ ነው። አንድ ጎበዝ ልጅ ካርዱን በእጁ እየነካካ ያስተካክልና፣ ያንኑ ካርድ እየገለበጥን እናድላለን፤ ልጁ ሥራ አግኝቶ ወደ አዲስ አበባ ሲሄድ ግን ምን እንደ ለወጠ የሚያውቅ ሰው አይቀርም፤ አዲሷ ሰሌዳ ስትመጣ አሮጌው ካርድ አያስነሣትም፤ ሥራው ከሀሁ ይጀመራል። የጥንቱ ቁም ጸሐፊ ብራናውን ሲገለብጥ ዋናውን ቅጂ ከፊቱ ዘርግቶ፣ ስሕተቱንም ከእርሱ ጋር እያመሳከረ ያርም እንደ ነበረ፣ እኛም ኢሜጁን ዘወትር ከተጻፈ ትእዛዝ ማውጣት አለብን፤ በእጅ የተነካ ካርድ ሊታደል አይገባውም። ትእዛዙ፣ የወረዱት ጥቅሎች፣ የቀን መቁጠሪያው ፕሮግራምና የፊደሉ ፋይል በአንድነት በሁለት ሃርድ ዲስክ ተገልብጠው በሁለት ቤት መቀመጥ አለባቸው፤ በእያንዳንዱም ላይ የሻ256 ማረጋገጫው ቁጥር ይጻፍ።

ከዚህ በኋላ ልንሠራው የሚገባው የወላይትኛው መዝገብ ነው። በወላይታ ያሉ ትምህርት ቤቶች ቋንቋቸውን በላቲን ፊደል ሲጽፉ፣ በላይብረሪው ውስጥ ያሉት የዕለታት ስሞች ወጋ፣ ሳይኖ፣ ማቆሳኛ እየተባሉ በግዕዝ ፊደል ተጽፈዋል። ለማረም የሚያስፈልገው ጥቂት መስመር ነው፤ ነገር ግን መስመሮቹን የሚጽፈው ቋንቋውን በእናቱ ቤት የተማረ ሰው መሆን አለበት። ከናንተ መካከል እንዲህ ያለ ሰው ካለ፣ ትእዛዙንና ፋይሉን እሰጠዋለሁ፤ አብረን ተቀምጠንም እንሠራዋለን።